በ«አንቱ» ጥሩን፤ በ«አንተ» አሠሩን

(ከሜልበርን)

«ካረጁ አይበጁ» ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው ሰው ዞር ይልና ደግሞ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል። ሁለቱን ተረቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም። ሽማግሌው አይበጅ፤ ልጁ ያቦካው አይበቃ፤ ታዲያ ሥራውን ማን ይሥራው? በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት የጉልምስና ዓመታት ብቻቸውን አንድን አገር፣ ወይም አንድን ፋብሪካ ሊሸከሙ ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ፉትስክሬይ፣ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ካሉት ቡና ቤቶቻችን በአንዱ ቁጭ ያለ ሰው ይህንኑ ሲሰማ ይውላል። ድሮ ወሬያችን ማን መጣ፣ ማን ቪዛ አገኘ፣ ማን ቤት ገዛ ነበር። ዛሬ «ተቀነስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?» ሆኗል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በሱዳንና በኬንያ በኩል አድርገን፣ ጠጉራችን ጥቁር ሆኖ እዚህ የገባን ሰዎች ዛሬ ሃምሳን ተሻግረን ስድሳን እያንኳኳን ነው። አንዳንዶቻችንም በሩን ከፍተን ገብተናል።

እኔ 61 ዓመቴ ነው። በላቨርተን ኖርዝ ካሉት ትላልቅ መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ እሠራለሁ። በእኛ ፈረቃ ትንሹ ሠራተኛ 19 ዓመቱ ነው፤ ትልቁ እኔ ነኝ። እንግዲህ ከዚህ ቦታ ሆኜ ሳየው፣ በዕድሜ ምክንያት የሚደረግ አድልዎ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በንቀት ይመጣል፤ ለዚህኛው ሕግ ተጽፎለታል። ሁለተኛው በአክብሮት ይመጣል፤ ለዚህኛው ሕግ አልተጻፈለትም፤ እንጀራ መንሳቱ ግን ያው ነው። ዛሬ ስለ ሁለቱም ላወጋችሁ ነው።

ሰሙና ወርቁ

ሜልበርን የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በስተሰሜን ብሮድሜዶውስ ላይ ፎርድ፣ በስተምዕራብ አልቶና ላይ ቶዮታ ነበሩ። እንግሊዝኛው ገና ላልተገራለት ስደተኛ፣ እጁ እስከ ሠራ ድረስ፣ የእነዚህና የመሰሎቻቸው በር ክፍት ነበር። ፎርድ በኦክቶበር 2016 እዚህ አገር መኪና መሥራቱን አቆመ። ቶዮታ የአልቶናውን ፋብሪካ ኦክቶበር 3 ቀን 2017 ሲዘጋ ወደ 2600 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ዕቃ ያቀርቡላቸው የነበሩ ትንንሽ ፋብሪካዎችም ተራ በተራ ተከተሉ። እኔ 21 ዓመት የሠራሁበት የመለዋወጫ ፋብሪካ ከእነዚያ አንዱ ነበር። የቅነሳው ደብዳቤ ሲሰጠኝ 53 ዓመቴ ነው።

ከዚያ 14 ወር ሥራ ፈለግሁ። በዚህ አገር «አርጅተሃልና ሂድ» የሚል ቀጣሪ የለም፤ ሕግ እንዳለ ያውቃል። ነገር ግን ቅኔ አለው። ቅኔውን መፍታት ደግሞ በሰምና ወርቅ ላደግን ለእኛ አይከብድም። «ለዚህ ሥራ ልምድህ ይበዛል» ሲሉህ ሰሙ ምስጋና ነው፤ ወርቁ «የአንተን ዕድሜ አንፈልግም» ነው። «ቡድናችን ፈጣንና ወጣት መንፈስ ያለው ነው፤ ይስማማህ ይሆን?» ሲሉህ ሰሙ ጥያቄ ነው፤ ወርቁ ስንብት ነው። «ስልክህን ይዘናል፤ እንደውልልሃለን» የሚለው ግን ቅኔም አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

አንድ የቅጥር ኤጀንሲ ውስጥ ያነጋገረችኝ ወጣት፣ ቅን ልጅ ነበረች፣ «ኮምፒዩተር ያስፈራሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሲቪዬ ፊቷ ተዘርግቷል። በፋብሪካው የመጨረሻዎቹን 9 ዓመታት በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ላይ እንደሠራሁ እዚያው ተጽፏል። ጥያቄው ከወረቀቱ ሳይሆን ከሽበቴ የመጣ ነበር።

ብዙ ወገኖቻችን ታክሲና ኡበር ላይ የተሰማሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። መኪናው «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ግን በሙያው የመሥራት ፍላጎትና ችሎታ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መሪ ጨብጦ ወደ ማደር ሲገፋ፣ ምርጫው የእሱ ነው ለማለት ይከብዳል።

ስለ ፍጥነት ከተነሳ

ቀጣሪዎች በሽበት ላይ የሚያነሱት ትልቁ ክስ «ቀርፋፋ ነው» የሚል ነው። ለዚህ ክስ ሜልበርን ራሷ ምስክር አላት።

በ1983 ከሲድኒ እስከ ሜልበርን፣ 875 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ክሊፍ ያንግ የሚባል፣ ከዚሁ ከቪክቶሪያ፣ ከቢች ፎረስት የመጣ የድንች ገበሬ ልወዳደር ብሎ ቀረበ። ዕድሜው 61 ነበር። ከሠለጠኑት ወጣት ሯጮች መካከል ሲቆም ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው የለም። አሯሯጡም እግሩን ከመሬት እምብዛም የማያነሳ፣ ውዝዋዜ የሚመስል ነበር። ሌሎቹ ሲተኙ እሱ ግን ቀጠለ። በ5 ቀን ከ15 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ዶንካስተር ደረሰና አንደኛ ወጣ። ክሊፍ ያንግ ወጣቶቹን በእግር ፍጥነት አልበለጣቸውም። ረጅም መንገድ እንዴት እንደሚያልቅ ያውቅ ነበር።

የእኛም ምስክር አለ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው እዚሁ ሜልበርን፣ በ1956 ነው። ከተላኩት መካከል ማሞ ወልዴ ነበር። የ24 ዓመት ወጣት ሳለ በ800 እና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው ሳያልፍ ቀረ። ይኸው ማሞ በ1968 ሜክሲኮ ላይ፣ በ36 ዓመቱ የማራቶን ወርቅ አጠለቀ፤ በ1972 ሙኒክ ላይ ደግሞ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ። ወጣትነቱን ያየችው ሜልበርን ናት፤ ወርቁ የመጣው ግን በጉልምስናው ነው። ምሩጽ ይፍጠርም በ1980 ሞስኮ ላይ በ5000 እና በ10000 ሜትር ካሸነፈ በኋላ ጋዜጠኞች ዕድሜውን ሲጨቀጭቁት፣ ዶሮዬንና በጌን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ማለቱ ይነገርለታል። እሱም እንደኛው ስደተኛ ሆኖ በ2016 ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ።

ይህን ስል የ60 ዓመት ሰው ከ20 ዓመት ጎረምሳ እኩል ቀኑን ሙሉ ካርቶን ያነሳል ማለቴ አይደለም። ጉልበት ይቀንሳል፤ ዓይን ይደክማል፤ ወገብ የራሱን ነገር መናገር ይጀምራል። ግን ሥራ ሁሉ ማንሳት አይደለም። ሰውን መመዘን ያለብን ሥራው በሚጠይቀው ሚዛን እንጂ በልደት ቀኑ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ የሚለውም ይህንኑ ነው። በፌዴራል ደረጃ በ2004 የወጣ የዕድሜ አድልዎ ሕግ አለ። በክፍለ ሀገራችን በቪክቶሪያ ደግሞ የ2010 የእኩል ዕድል ሕግ አለ። ሁለቱም ቀጣሪ ሰውን በዕድሜው ምክንያት ከቅጥር፣ ከሥልጠና፣ ከዕድገት እንዳያስቀር፣ ከሥራም እንዳያሰናብት ይከለክላሉ። የሥራው ዋና ጠባይ የሚጠይቀውን ማሟላት የማይችል ሰው ሲሆን ነው ነገሩ የሚለየው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ፣ ሕጎቹ የሚከላከሉት ለሽማግሌ ብቻ አለመሆኑን ነው። «ገና ልጅ ነህ» ተብሎ የተገፋ ወጣትም ያው መብት አለው።

አውስትራሊያ የዕድሜ አድልዎን የሚከታተል ኮሚሽነር ለመጀመሪያ ጊዜ የሾመችው በ2011 ነው። የተሾሙት ሱዛን ራያን፣ በሆክ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር የነበሩ ሴት፣ ሹመቱን ሲቀበሉ 68 ዓመታቸው ነበር። እሳቸው የመሩት አገር አቀፍ ምርመራ በ2016 ባወጣው ዘገባ፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መሥራት እየፈለጉና እየቻሉ በግምትና በጭፍን አስተሳሰብ እንዴት ከሥራ እንደሚገፉ በዝርዝር አሳይቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ አገር የአረጋውያን ጡረታ በ1909 ሲጀመር ለወንዶች በ65 ዓመት ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለሁሉም 67 ሆኗል። ባገራችን የጡረታው ዕድሜ 60 ነው፤ እዚህ ግን ለአብዛኛው ሥራ «ይህ ዓመት ሲሞላ ትወጣለህ» የሚል ገደብ የለም። እንግዲህ መንግሥት «እስከ 67 ጠብቅ» ይላል፤ ቀጣሪው ከ50 በኋላ ፊቱን ያዞራል። በመካከል ያለው 17 ዓመት የማን ነው? ሰውዬው የቤት ዕዳውን የሚከፍለው፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ ላገር ቤት እናቱ መድኃኒት የሚልከው በዚያ 17 ዓመት ውስጥ አይደለም ወይ?

የወረቀት ዕድሜ

የእኛ ሰው ነገር ደግሞ ከዚህም የተወሳሰበ ነው። ብዙዎቻችን ሁለት ዕድሜ አለን፤ እናታችን የምታውቀውና ወረቀቱ የሚያውቀው።

ከስደተኛ ካምፕ የመጣ ሰው፣ ቀኑንና ወሩን ካላወቀ፣ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለት ነበር። ስለዚህ ፈረንጁ አዲስ ዓመቱን ሲያከብር የእኛ ማኅበረሰብ ግማሹ በጅምላ ልደቱን ያከብራል። ይህስ ያስቃል። የማያስቀው የዓመቱ ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ የ1957 ወይም የ1958 ልጅ ነው። መዝጋቢው ሳይቀይር 1950 ብሎ እንዳለ ካሰፈረው፣ ሰውዬው በአንድ የብዕር ጭረት 7 ወይም 8 ዓመት አረጀ። ጡረታው በጊዜ ይደርስለት ይሆናል፤ ሥራ ሲፈልግ ግን ያልኖረው ዓመት ይቆጠርበታል። በተቃራኒው ለትምህርት ወይም ለሌላ ጉዳይ ዕድሜው ዝቅ ተደርጎ የተጻፈለት ሰው አለ። እሱ ደግሞ አካሉ 70ን አልፎ፣ ወረቀቱ ገና «67 አልሞላህም» እያለው በሌሊት ፈረቃ ሲንገላታ ታገኙታላችሁ።

ይህን ያነሳሁት በማንም ለመፍረድ አይደለም። በአገራችን ዕድሜ በወረቀት ሳይሆን በዘመን ምልክት ይቆጠር ነበር፤ ጣሊያን የገባ ጊዜ፣ ኮርያ የተዘመተ ጊዜ፣ ወሎ የተራበ ጊዜ እየተባለ። እንዲህ ተቆጥሮ ያደገ ሰው በአንድ ቁጥር ተመዝኖ ሲጣል፣ ሚዛኑ ምን ያህል ልቡስ እንደሆነ ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ ነን ለማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይረፉ»

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት አድልዎ ልምጣ፤ በአክብሮት ወደሚመጣው።

በመጋዘኑ የእኛ ፈረቃ አለቃ የእኛው ልጅ ነች። እዚሁ ተወልዳ የመንግሥት ፎቅ ላይ ያደገች፣ 27 ዓመት የሆናት፣ ጎበዝ ልጅ። አማርኛዋ ከእናቷ ቤት የተገኘ ስለሆነ አንተና አንቱ ይምታታባታል፤ «ጋሼ፣ አንተ ይቀመጡ» ትለኛለች። ከባድ ዕቃ ሲመጣ ለሌላ ትሰጠዋለች። ቅዝቃዜው ሲበረታ ከበሩ ራቅ ያለ ቦታ ትመድበኛለች። እኔም ባህላችንን ሳትረሳ በማደጓ እናቷን እመርቅ ነበር።

አንድ ቀን ድርጅቱ ለስድስት ሠራተኞች የፎርክሊፍት ሥልጠና ከፍሎ ሊያስተምር መሆኑ ተነገረ። የሚመርጡት የፈረቃ አለቆች ናቸው። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የለበትም። እኔ ከሁሉም በፊት የገባሁ ነኝ፤ ስሜ የለም። ፎርክሊፍት የሚነዳ ሰው የሰዓት ክፍያው ከፍ ይላል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲመጣም ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ልዩነቱ በዓመት ሲደመር አገር ቤት ደርሶ መምጫ ቲኬት ይሆናል።

በሻይ ሰዓት ለብቻዋ አገኘኋትና ጠየቅኋት። ደነገጠች። «ጋሼ፣ እርስዎን እንዳላደክምዎ ብዬ እኮ ነው» አለችኝ። ውድ አንባቢያን፣ ፎርክሊፍት እኮ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው! ወገቤን የሚያሳርፍልኝን ሥራ፣ ወገቤ እንዲያርፍ ተብሎ ተከለከልሁ። የፎርክሊፍት ፈቃድ በቪክቶሪያ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሰጥም፤ ከላይ ግን የዕድሜ ጣሪያ የለውም። የሚታደሰው በየ5 ዓመቱ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ያላወጣውን ጣሪያ በይሉኝታ ያወጣነው እኛ ነን።

ከዚያ እሷም የሆዷን ተናገረች። «ለእርስዎ ከባድ ሥራ ብሰጥ እናቴ ትሰማለች፤ ቤተ ክርስቲያን ይወራል፤ አባት የሚሆናትን ሰው ታሠቃያለች እባላለሁ» አለች። ሌላም ጨመረች። በፈረቃችን ካሉት ያገራችን ሰዎች ሁለቱ ትእዛዟን አይቀበሉም። የምትለውን ሰምተው ዝም ይሉና ከእሷ በላይ ወዳለው ፈረንጅ ሄደው ደግመው ይጠይቃሉ። ለምን ሲባሉ «ልጅ ነች» ነው መልሳቸው። እኔን «ጋሼ» ብላ ከሥልጠናው አስቀረችኝ፤ እነሱ «ልጅ» ብለው ከአለቅነቷ አወረዷት። በአንድ መጋዘን፣ በአንድ ፈረቃ፣ በአንድ ሕዝብ መካከል!

እኔ የመለስሁላት ይህን ነው፤ «ልጄ፣ በአንቱ ጥሪኝ፤ በአንተ አሠሪኝ። አክብሮቱን በአፍሽ አድርጊው፤ ሥራውን ስታከፋፍይ ግን ስሜን እንጂ ሽበቴን አትይ። የማልችለውን እኔው እነግርሻለሁ።» ሁለቱንም ሰዎች እኔው አነጋገርኋቸው፤ ይህ የሽማግሌ ሥራ ነውና። «በቤት አባቷ ሁኑ፤ እዚህ ግን ሰዓታችንን የምትፈርመው እሷ ናት» አልኋቸው። አንደኛው ሳቀ፤ ሌላው አኮረፈ። ያኮረፈውም ከጊዜ በኋላ ለመደው።

በሚቀጥለው ዙር ስሜ ገባ፤ ተማርሁ፤ ፈቃዱን አወጣሁ። በስካነሩ ላይ አዲስ ፕሮግራም በመጣ ቁጥር የሚያስተምረኝ ያ የ19 ዓመት ልጅ ነው። እኔ ደግሞ በፋብሪካ የተማርሁትን እነግረዋለሁ፤ ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ እንዲደረድር፣ ጭነቱን ዝቅ አድርጎ እንዲነዳ፣ ጭነቱ ፊቱን ከጋረደው ወደ ኋላ እየነዳ እንዲሄድ። ልጁ ፈጣን ነው። ፍጥነቱ ፓሌት የገለበጠበትን ቀን ስላየ አሁን ይሰማኛል። እኔም ስካነሩ እምቢ ሲለኝ እሱን መጥራት አያሳፍረኝም። አንዳችን ለሌላው ስለምናስፈልግ፣ ስለ ዕድሜ የምናወራበት ጊዜ የለንም።

ልጆቹም የሚሉት አላቸው

ይህን ጉዳይ የሽማግሌ ሮሮ ብቻ አድርገን ከተውነው ግን እናዳላለን። የእኛ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ ሲያመለክቱ «ልምድ የለህም» ይባላሉ። በመካከላችን ሲመጡ ደግሞ «ልጅ» ናቸው። በየማኅበሮቻችን ስንት ዓመት ከወንበር ያልተነሣ አመራር አለ? ወጣቱን የምንጠራው ወንበር እንዲደረድር፣ ድምፅ ማጉያ እንዲያስተካክል፣ ከመንግሥት የመጣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንዲያነብልን ነው። ደብዳቤውን ያነበበው ልጅ «እኔ ግን እንዲህ ብንመልስ ይሻላል እላለሁ» ሲል «አንተ ዝም በል» እንለዋለን። ከዚያ «ወጣቱ ከማኅበረሰቡ ራቀ» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

ነገሩ በደንብ ሲሠራ ማየት የፈለገ ሰው ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን አንዱ ጓዳ ይግባ። እናት በርበሬውን በእጇ መዝና ትጨምራለች፤ የሚጻፍ ልክ የለውም። ልጇ በስልክ የሚመጣውን ትእዛዝ ትቀበላለች፤ ከምክር ቤቱ ለሚመጣው የጤና ተቆጣጣሪ የሚቀርበውን ወረቀት ትሞላለች። እናቲቱ ብቻዋን ብትሆን ወጡን የሚያውቅላት ጎረቤቷ ብቻ ነው። ልጅቱ ብቻዋን ብትሆን የምትሸጠው ወጥ የላትም። እናት ልጇን አትንቅ፤ ልጅም እናቷን «አርፈሽ ተቀመጪ» አትላት፤ ያን ቀን ምግብ ቤቱ ይዘጋል።

እንግዲህ ምን ይበጃል?

ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን በመንገዴ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ሲቪ ስትጽፉ የልደት ቀን የማስገባት ግዴታ የለባችሁም። ትምህርታችሁን የጨረሳችሁበትን ዓመት፣ የ1980ዎቹን ሥራ ሁሉ መዘርዘርም አያስፈልግም፤ የቅርቡ 10 ወይም 15 ዓመት ይበቃል። ሥልጠና ሲመጣ «ይሉኛል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ስማችሁን ራሳችሁ አስመዝግቡ። አለቃው ዘመድ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ይሉኝታ እንደሚያስቀራችሁ እወቁ።

55 ዓመት የሞላው፣ በአንድ ድርጅትም ቢያንስ 12 ወር የሠራ ሰው የሥራ ሰዓቱ እንዲመቻችለት በሕግ የመጠየቅ መብት አለው። ቀጣሪው ዝም ሊል አይችልም፤ እምቢ ካለም ምክንያቱን መናገር አለበት። ስለዚህ ጉልበቱ የደከመ ሰው ሥራ ከመልቀቁ በፊት ይህን ይጠይቅ።

በዕድሜዬ ምክንያት ከሥራ ተባረርሁ የሚል ሰው ወደ ፌር ወርክ ኮሚሽን ለመሄድ ያለው ጊዜ 21 ቀን ብቻ ነው። «ፋሲካ ይለፍና» የሚባልበት አይደለም፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ለአውስትራሊያ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ ለማቅረብ እስከ 24 ወር፣ ለቪክቶሪያ የእኩል ዕድልና የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ደግሞ እስከ 12 ወር ጊዜ አለ። ለአቤቱታው ገንዘብ አይጠየቅም። የተባላችሁትን፣ ያለውን ሰው፣ ቀኑን በማስታወሻ ያዙ፤ ያ ቅኔ የተነገረበት ቀን ሳይጻፍ ከቀረ በኋላ ለማስረዳት ይቸግራል። እንግሊዝኛ ላልሆነለት የአስተርጓሚ አገልግሎቱ ስልክ 131 450 ነው፤ «አማርኛ» ማለት ይበቃል።

ዕድሜ እንደ ሀብት የሚታይበት ሥራም አለ። ብዙ እህቶቻችን ከሃምሳ በኋላ ተምረው በአረጋውያን እንክብካቤ ተሰማርተዋል። የመርሳት በሽታ የያዘው ስደተኛ ሽማግሌ በኋላ የተማረው እንግሊዝኛ ሲጠፋበት ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ይመለሳል። የእኛም አባቶችና እናቶች ወደዚያ እየተጠጉ ነው። ያን ጊዜ «እንደምን አደሩ?» ብላ የምትገባ፣ ነጠላ ማጣፋት የምታውቅ፣ ዕድሜ ያስተማራት ሴት ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ትበልጣለች።

ከሁሉ በላይ ግን የራሳችንን ቤት እንይ። የፈረንጁን ቀጣሪ ቅኔ ሕግ ፊት አቅርበን እናስፈታለን። «ጋሼ፣ ይረፉ» የሚለውንና «አንተ ልጅ፣ ዝም በል» የሚለውን ግን የሚዳኝልን ፍርድ ቤት የለም። ወጣቶች ሆይ፣ አክብሩን፤ ግን ሥራ አትንሱን። እኛም ሽማግሎቹ፣ መንበራችንን እየያዝን ልጆቹን ዕቃ ተሸካሚ አናድርጋቸው። ልጁ ያቦካውን አብረን ብንጋግረው ለእራትም ይበቃል፤ ለነገም ይተርፋል።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠን። ቸር ይግጠመን።